ላዳ ስትኳል

የአዲስ አበባ ሰው ለአሮጌ መኪናው አዲስ መብራት የሚገዛው ለማየት አይደለም፤ ለመታየት ነው። ሐሜት አይደለም፤ ማስረጃው በየምሽቱ ፒያሳ ላይ ሲመላለስ ያመሻል። በ2016 የኮሪደር ልማቱ አራዳን አፍርሶ ካበጃጀ ወዲህ ከአድዋ ድል መታሰቢያ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ በብርሃን ተጥለቅልቋል። ምሰሶው ያበራል፣ ሕንፃው ያበራል፣ ዛፉ ሳይቀር መብራት ተጠምጥሞበታል። ድሮ በዶሮ ማነቂያ ጥግ ጉድጓዱን በግምት ሲሸሽ የኖረ ሾፌር ዛሬ አስፋልቱ ላይ የወደቀ ሳንቲም መቁጠር ይችላል። ዓላማው ማየት ቢሆን ኖሮ እንግዲህ የመብራት ፍቅራችን በዚህ ሰሞን ቀዝቀዝ ባለ ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ መንገዱ በበራ ቁጥር የመኪናው ዓይን እየፈጠጠ ሄደ።

የመኳሉን ምክንያት እረዳለሁ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና በሚያስገባ ላይ ከባድ ቀንበር ጫነ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሹን ተከለከለ። ስለዚህ ያለችው ላዳ፣ ያለችው ቮልስ፣ ያለችው ዲኤክስ ከባለቤቷ ጋር ልታረጅ ነው። መኪናውን መቀየር ያልቻለ ሰው ሶማሌ ተራ ወርዶ ዓይኗን ቢቀይርላት ማን ይፈርድበታል? ጥንዱ ነጭ ኤልኢዲ ካርቶኑ ላይ ሃያ ሺህ ሉመን ይላል። ነባሩ ኤች ፎር አምፖል በዓለም አቀፉ ደንብ በአጭር መብራቱ 1,000፣ በረጅሙ 1,650 ሉመን ገደማ ነው። ጥንድ በጥንድ ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ብርሃን! ካርቶን መቼም አያፍርም። ሻጩም «ቢጫ መብራት የፋራ ነው» ካለ በኋላ ክርክሩ አልቋል፤ አራዳ ላይ ፋራ ከመባል ዓይን ማጥፋት ይቀላል።

ጉዳዩ ያለው ከብርሃኑ ብዛት ላይ ሳይሆን ብርሃኑ ከሚነሣበት ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የመጣው ኤች ፎር በውስጡ ሁለት ክሮች አሉት፤ 60 ዋቱ ለረጅሙ፣ 55 ዋቱ ለአጭሩ። ከአጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት ጋሻ ተቀምጣለች። ሥራዋ ብርሃኑ ወደ አንጸባራቂው ሳህን ታችኛው ግማሽ እንዳይሄድ መከልከል ነው፤ ከዚያ የሚነጥረው ብርሃን ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ መጪው ሾፌር ዓይን ስለሚወጣ። ሳህኑ የተቀረጸው ክሩ የት እንደሚቀመጥ ታውቆ ነው፤ በሚሊ ሜትር ቢዛነፍ እንኳ መንገዱ ላይ የሚያርፈው ቅርጽ ይበላሻል። ርካሹ ኤልኢዲ ደግሞ ክር የለውም፤ ብርሃኑ የሚወጣው ከጠፍጣፋ ዘንግ ግራና ቀኝ ከተለጠፉ ነጠብጣቦች ነው። ሳህኑ የማያውቀው እንግዳ መጥቶበታል፤ የሚያደርገው ጠፍቶት ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይረጨዋል። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ይህን ጥበብ ያለ ፊዚክስ ያውቁታል፤ መብራቱን የሚተክሉት ሀብሉ ላይ እንጂ ደንበኛው ዓይን ውስጥ አይደለም። ደንበኛው ታውሮ የሚሸጥ ወርቅ ምን ዓይነት እንደሆነ መገመት አያቅትም።

አተካከሉ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ አራዳን የሚመለከተው ይኸው ነውና። አጭር መብራት በየ10 ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ከአግድም አንድ ዲግሪ ብቻ ቀና ካለ 100 ሜትር ላይ ሲደርስ ከተነሣበት ከፍታ 1.75 ሜትር ሽቅብ ወጥቷል። የቤት መኪና ሾፌር ዓይን ያለው ከመሬት 1.2 ሜትር አካባቢ ነውና ሰውየው ብርሃኑ ውስጥ ጠልቋል ማለት ነው። አንዷን ዲግሪ ለማግኘት ደግሞ ብዙ ድካም አያስፈልግም፤ የደከመ የኋላ ባሌስትራ፣ ከኋላ ወንበር ላይ የተጠጋጉ አራት ሰዎች፣ ኮፈኑ ውስጥ የላላ አንድ ቡሎን ይበቃሉ። በዚህ ላይ ዳገቱ አለ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ፣ ወይም በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ መኪና አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ነው የሚመጣው፤ አፋፉ ላይ ብቅ ሲል የሚያበራው አስፋልቱን ሳይሆን ከወዲያ የሚመጣውን ሰው ፊት ነው። በትክክል የተተከለ መብራት እንኳ እዚህ ጋ ለአፍታ ይበድላል። ያልተተከለው እንዴት እንደሚሆን የከተማችን እግረኛ ክንዱን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ያስረዳል።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያ በግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ነው። የአጭር መብራት ቅርጽ ሁለቱ ጎኖቹ እኩል አይደሉም፤ እግረኛና ምልክት እንዲታይ በመንገዱ ዳር በኩል ከፍ ይላል፣ በመጪው መኪና በኩል ዝቅ ይላል። ጃፓን እስከ ዛሬ በግራ ትነዳለች፤ ስለዚህ ለጃፓን መንገድ የተሠራ መብራት ከፍ የሚለው በግራ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ግራው የመጪው መኪና ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገባ መኪና መብራቱ አብሮ ካልተለወጠ፣ ወይም ሰው «ኦርጅናል የጃፓን» ብሎ ተደስቶ ያገለገለ መብራት ከገጠመ፣ ሾፌሩ በቀኝ እየነዳ መብራቱ ግን የ1956ቱን ለውጥ ገና አልሰማም።

«አንተ የምታወራው ስለ ፒያሳ ነው፤ እኛ ከከተማ እንወጣለን» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ሱሉልታን ካለፉ በኋላ የመንገድ መብራት የለም፤ ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ አለ፤ አህያው ያለ አንጸባራቂ ይሄዳል። ደካማ መብራት እዚያ ቀልድ አይደለም። ግን ደካማው አምፖሉ ነው ያለው ማን ነው? የአምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ እኩል አይወርድም፤ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይጎድላል። በአሮጌ መኪና ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ተነሥቶ፣ በቀጭን ሽቦ ተጉዞ፣ በአርባ ዓመት ማብሪያ ማጥፊያ አልፎ፣ በዛገ ላሜራ በኩል እስኪመለስ በየመንገዱ ቀረጥ ይከፍላል። ሪሌ አስገጥሞ በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ቢያመጡት ያው አምፖል ነፍስ ይዘራል። 100/90 ዋት አምፖል የሚገጥሙም አሉ፤ በዚያው በቀጭኑ ሽቦ ላይ ነው የሚጭኑት፤ ከዚያ የሚሸተው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ካልን ዘንዳ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ያለው ፀሐያችን የአዳዲሶቹን መኪኖች የመብራት ሽፋን ቢጫ ያደርገዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1993 መኪኖቿን ሁሉ ቢጫ መብራት በሕግ አስገድዳ ነበር፤ የኛ ቢጫ ግን ሕግ ማክበር ሳይሆን ጉዳት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ መከላከያ ቢቀባ ይመለሳል። በዚህ በኩል መስተዋቷ እውነተኛ መስተዋት የሆነው ላዳ ብትኮራ ያምርባታል፤ የእሷ በሽታ ከኋላው የደበዘዘው ሳህን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ «ሁሉም ሲያፈጥ እኔ ብቻ ለምን አቀረቅራለሁ?» መልሱ ከሥነ ምግባር በፊት ከዓይን አሠራር ይጀምራል። ከኮፈኑ ፊት ያለው አስፋልት ከልክ በላይ ሲበራ የዓይን ብሌን ይጠባል፤ ሩቁ ይበልጥ ይጨልማል። ሾፌሩ ጎማው ሥር ያለውን ጠጠር አጥርቶ እያየ ከፊቱ የሚሻገረውን ሰው ያጣል፤ ግን ብርሃን በብርሃን ስለሆነ ያየ ይመስለዋል። መጪው ሾፌር በዕድሜ የገፋ ከሆነ ደግሞ ዓይኑ እስኪመለስለት ድረስ ጥቂት ሜትሮችን በእምነት ይነዳል። ከዚህ በተጨማሪ ረጅሙ መብራት እኛ ከተማ ውስጥ መነጋገሪያ ነው። ብልጭ ማድረግ «እለፍ» ነው፣ «እንዳታልፍ» ነው፣ «ወደፊት ፖሊስ አለ» ነው፣ «ሰላም ነህ?» ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሁሉም በቦታው ያውቀዋል። አጭሩም ረጅሙም እኩል የሚያውር መኪና ይህን ጨዋታ ያቋርጠዋል፤ ሲለምንም ሲሳደብም ድምፁ አንድ ነው።

ኤልኢዲ ኃጢአት ነው ማለቴ እንዳይመስል። ለኤልኢዲ ተብሎ ሳህኑና መስተዋቱ ከተሠራ ከሃሎጅን የተሻለ ነው፤ አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህንኑ ይዘው ነው የሚመጡት። በነባር መብራት ውስጥ የሚገባውንም ቢሆን ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በየሞዴሉ እየፈተነች፣ ለተፈተነው ብቻ ፈቅዳለች። ሶማሌ ተራ ላይ ፈተናው የሚካሄደው በመዳፍ ነው፤ ሻጩ አምፖሉን ከባትሪ ጋር አገናኝቶ እጅዎ ላይ ያበራልዎታል፣ እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው «ይሄማ እሳት ነው» ይላሉ።

እርግጡ ፈተና ግድግዳ ነው። ሜዳ ቦታ፣ ባዶ ግድግዳ፣ 10 ሜትር ርቀት፣ ጠመኔና ካቻቢቴ ይበቃሉ፤ የመብራቱን ከፍታ ግድግዳው ላይ አስምሮ የብርሃኑን አናት ከመስመሩ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። የሚቸግረው ፒያሳ ላይ 10 ሜትር ሜዳ መፈለጉ ነው፤ ሰባ ደረጃ ስሙ ራሱ ተናግሯል፣ ቸርችል ቁልቁለት ነው፣ ወደ ድልድዩ የባሰ ነው። ሜዳ ሆኖ የተገኘው ሁሉ ደግሞ ፓርኪንግ ነው፤ በሰዓት ይከፈልበታል፤ ግድግዳው ፊት ቀድሞ የቆመ መኪናም አለ።