ጋራዥ የማታውቅ መኪና

ፒካፕ ልንገዛ ነው ስላት ባለቤቴ ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን ሳታስቀምጥ፣ «እንግዲያው ከሁሉም ቶሎ ቶሎ የምትበላሸውን ፈልግ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ጣጣውን ያመጡት አራት የፈረንጅ ላሞች ናቸው። ጓሯችን ውስጥ ተሰልፈው ይበላሉ፤ ድርቆሹ ከሱሉልታ፣ ፉርሽካው ከዱቄት ፋብሪካ ይመጣል። አንድ ማታ ቁጭ ብለን ለጭነት መኪና የምንከፍለውን ኪራይ ከወተቱ ሽያጭ ጋር ስናስተያየው፣ ላሞቹ የሚታለቡት ለመኪናው ባለቤት ሆኖ አገኘነው። የራሳችን ፒካፕ ይኑረን የተባለው ያን ማታ ነው።

እኔ ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ደብተር ገዛሁ። በአንዱ ዓምድ የመኪኖቹን ስም ደረደርኩ፤ ሃይሉክስ፣ ዲ-ማክስ፣ ናቫራ፣ ኤል 200፣ ሬንጀር፣ ቢቲ-50። በሌላው ዓምድ «ጥንካሬ» ብዬ ጻፍኩና ባዶውን ተውኩት። አዋቂ ጠይቄ ልሞላው ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ጎረቤታችን ዘንድ ነው። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ሠላሳ ዓመት ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ሃይሉክስ» አሉ፤ አጠራራቸው የታቦት ስም እንደሚጠራ ሰው ነበር። ከዚያ ማስረጃቸውን ዘረገፉት። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የሚሠራ መሆኑን፣ በ1987 ቻዶች በቶዮታ ፒካፕ ላይ ሚሳይል ጠምደው የሊቢያን ታንክ በበረሃ እንዳባረሩና ጦርነቱም «የቶዮታ ጦርነት» ተብሎ እንደቀረ፣ በ2003 ደግሞ እንግሊዞች ለቴሌቪዥን ብለው አንዱን አሮጌ ሃይሉክስ ባሕር ውስጥ እንደነከሩት፣ እንዳቃጠሉት፣ በመጨረሻም ሕንፃ ጣሪያ ላይ አውጥተው ሕንፃውን እንዳፈረሱት፣ እሱ ግን ከፍርስራሹ ወጥቶ እንደተነሳ ነገሩኝ። እውነት ነው፣ ፊልሙን በኋላ አይቼዋለሁ። እኔ ግን መኪናዬን ባሕር ውስጥ የመንከር ሐሳብ አልነበረኝም፤ በክረምት በአዲስ አበባ ድልድይ ሥር የማለፍ ግዴታ ካልመጣ በቀር።

«ለመሆኑ ጥገናው እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«የምን ጥገና? አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ስትሞላ አስገባታለሁ፣ ማታ ታጥባ፣ ዘይቷ ተቀይሮ እወስዳታለሁ።»

«ሒሳቡስ?»

«ሒሳቡን እኔ ምን አውቄ? ጄኔቭ ነው የሚከፈለው።»

ደብተሬ ላይ «ሃይሉክስ፦ ጄኔቭ ካለ በጣም ጠንካራ» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛው አማካሪዬ የባለቤቴ አጎት ናቸው። በአንዲት አይሱዙ የጭነት መኪና ሰባት ልጅ አሳድገው፣ ሁለቱን ድረው፣ ቤት ሠርተዋል። አይሱዙን ከሌላ መኪና ጋር አወዳድር ማለት ለእሳቸው ሚስታቸውን ከጎረቤት ሴት ጋር አወዳድር እንደ ማለት ነው። «አይሱዙ ማለት ሞተር ማለት ነው፤ ሌሎቹ መኪና ሠርተው ሞተር ይፈልጉለታል፣ አይሱዙ ሞተር ሠርቶ መኪና ያለብሰዋል» አሉኝ። አባባሉ ስለጣመኝ ጻፍኩት። ስለ ዲ-ማክስ በተለይ ምን ያውቃሉ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ነድተውት አያውቁም። «ልጁ አባቱን ካልመሰለ ምን ሊመስል ነው?» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ይህ የልጅና የአባት ነገር ነው ጣጣ ውስጥ የከተተኝ። የዘር ሐረጉን ልፈትሽ ብዬ ስገባ፣ ያ ደብተር ላይ የደረደርኩት ስም ሁሉ እርስ በርሱ ተጋብቶ ተገኘ። ማዝዳ ቢቲ-50 ለብዙ ዓመት የፎርድ ሬንጀር ወንድም ነበር፤ በአንድ ሻንሲ ላይ ያደጉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ማዝዳ ቤቱን ቀየረና የአይሱዙ ዲ-ማክስ ወንድም ሆነ። ፎርድም ብቻውን አልቀረም፤ አዲሱ የቮልስዋገን አማሮክ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሬንጀር ጋር በአንድ የፎርድ ፋብሪካ ይወለዳል። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ2017 ፒካፕ ሠራሁ ብሎ ብቅ ሲል ከኮከቡ ሥር የነበረው የኒሳን ናቫራ ነው። ፊያት እንኳ ሚትሱቢሺ ኤል 200ን ወስዶ ስሙን ለውጦ ሸጦታል። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ እነዚህ አንድ ቤትም የቆጠሩ አይመስሉም። «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ብለው ሲከራከሩ የሚያመሹ ሰዎች፣ ግማሹን ሌሊት አንዱን መኪና ከራሱ ጋር እያጣሉት ነው።

ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ጭንቀቴን ሰምቶ ከአሜሪካ ጥናት ላከልኝ። ጄ ዲ ፓወር የሚባል ድርጅት መኪና ገዝተው ሦስት ዓመት የነዱ ሰዎችን ይጠይቅና በመቶ መኪና ስንት ችግር እንደገጠመ ይቆጥራል። በጣም ጥሩ። ግን ሦስት ዓመት! እኛ ዘንድ የሦስት ዓመት መኪና ገና የወንበሩ ላስቲክ ያልተነሳለት ሙሽራ ነው። ደግሞ ችግር ብለው የሚቆጥሩትን ሳይ፣ ስልኬ ከመኪናው ጋር አልገናኝ አለ የሚል አለበት። የባለቤቴ አጎት ይህን ሲሰሙ «ከመኪናው ጋር ምን ሊያወሩ ነው?» አሉ። ጭራሽ ሃይሉክስ የተባለው መኪና አሜሪካ አይሸጥም፤ በሱ ፋንታ ታኮማ ነው ያለው። የታኮማ ሻንሲ በዝገት እየተበላ ብዙ ሰው ከስሶ፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ነው የተገላገለው። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ዝገቱን አብሶታል። የአንዱ አገር ጠንካራ መኪና የሌላው አገር ወጥ ውስጥ ሲገባ በጨው ይሞታል ማለት ነው።

ደብተሩን ይዤ መካኒካችን ዘንድ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። እጁን በናፍጣ እየታጠበ ዝርዝሩን አስነበበኝ፤ አንድ ስም ጋ ስደርስ ዓይኑ በራ።

«እሱን ይግዙ ጋሼ! በሞቴ እሱን ይግዙ!»

«እሱ ነው ጠንካራው?»

«ኧረ ልጄ ዘንድሮ የግል ትምህርት ቤት ልትገባ ነው።»

የመኪናውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የገዙ ዘመዶች አሉኝ።

ከዚያ ሳቁን አቁሞ እንደ መምህር አስረዳኝ። «መኪና ሁሉ ይበላሻል ጋሼ። ዋናው ነገር የት ትበላሻለች፣ ስትበላሽስ ማን ያውቃታል ነው። ደጀን በረሃ ላይ ብትቆም እዚያ ያለው ልጅ ፈትቷት ያውቃል? ዕቃዋ ሶማሌ ተራ አለ?» ሶማሌ ተራ ያለው ዕቃ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ኦሪጅናሉ፣ የዱባዩ፣ የቻይናው፣ በመጨረሻም ትናንት ማታ የት እንዳደረ የማይጠየቀው። የሃይሉክስ ባሌስትራም ሆነ ሞተሪኖ በአራቱም ደረጃ ይገኛል። የአንዳንዱን መኪና ጓርኒሲዮን ግን ከውጭ በሻንጣ አስመጥቶ፣ ሻንጣው እስኪደርስ በታክሲ መሄድ ነው።

አዲሱን ሞተር ልግዛ ወይስ አሮጌውን ስለው ደግሞ ወደ አንድ የተፈታ እንጀክተር ወሰደኝ። ጣት የምታህል ነገር ናት። አዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ ዓይን በማያየው ቀዳዳ ነው የሚረጩት። ናፍጣው ንጹሕ ከሆነ ጸጥ ብለው፣ ትንሽ ጠጥተው ብዙ ይሄዳሉ። ከበርሜል በጀሪካን የተቀዳ፣ ውሃና አሸዋ የቀላቀለ ናፍጣ ከገባባቸው ግን አለቀ። «አሮጌው ሞተር የጠጅ ቤት ደንበኛ ነው» አለኝ ዶክተሩ፤ «ያቀረቡለትን ይጠጣል፣ ትንሽ ይጨሳል፣ ወደ ቤቱ ይገባል።» እንግዲህ ይህን የሚነግር ጥናት ከቨርጂኒያ አይመጣም።

የእህቴ ልጅ በመሃል የኤሌክትሪክ ፒካፕ ግዙ ብሎን ነበር፤ ዘይት የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ ናፍጣ ሰልፍ የለ። ሐሳቡ አስተዋይ ነው። ችግሩ መብራት ስትጠፋ ላሞቹ መራባቸው ነው።

ገበያው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። በሌላው ዓለም መኪና ከሱቅ በር ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ እኛ ዘንድ እያረጀ ይወደዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ፤ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ብረት ሁሉ ቅርስ ሆነ። ደላላው ያሳየኝ የመጀመሪያዋ ፒካፕ ከእኔ የመጀመሪያ ልጅ ትበልጣለች። «ንጹሕ የሴት መኪና ናት» አለኝ። ጋቢናውን ስከፍት የሙክት ሽታ ተቀበለኝ። ሴትየዋ በግ ነጋዴ ትሆናለች ብዬ ዝም አልኩ።

«ስንት ሄዳለች?»

«ሰማንያ ሰባት ሺህ ብቻ! ጋራዥ አታውቅም፣ ሞተሯ አልተፈታም።»

ዶክተሩ ቆጣሪውን ቀና ብሎ አላየውም። ጎንበስ አለና የፍሪሲዮኑን ፔዳል በባትሪ አበራበት። ላስቲኩ ላይ የነበረው መስመር በሙሉ ጠፍቶ፣ በግራ በኩል ብረቱ እንደ ማርያ ቴሬዛ ብር ያበራል። «ሰማንያ ሰባት ሺህ በእግራቸው ነው የሄዱት?» አለ ደላላውን። ከዚያ ስፖንዳውን በጣቱ መገጣጠሚያ እያንኳኳ ዞረ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ዱፍ። ዱፍ ያለው ቦታ ስቱኮ ነው። ሞተሯን አስነስቶ የዘይቱን ክዳን ፈታና ገልብጦ እዚያው አፉ ላይ አስቀመጠው። ክዳኑ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ እስክስታ ወረደ፣ በመጨረሻ ዘሎ መሬት ወደቀ። ዶክተሩ አንስቶ ጠረገና ለደላላው እየሰጠው፣ «ፋሻዋ አልቋል፤ ሠርግ ላይ ውሰዳት» አለው።

እንዲህ እያልን ሰባት መኪና አየን። ስምንተኛዋ ያለ ተርቦ የምትሠራ፣ ባለ ሦስት ሺህ ሲሲ አሮጌ ሃይሉክስ ነበረች። ቀለሟ ፈዟል፣ አንዱ ፍሬቻ በፕላስተር ተይዟል፣ ግን የፔዳሉ ላስቲክና የቆጣሪው ቁጥር አልተጣሉም፤ ሁለቱም ብዙ መሄዷን ያምናሉ። የዘይቱ ክዳን እንደ መነኩሴ አልተነቃነቀም። በራዲያተሩ ውሃ ላይ ዘይት አልተንሳፈፈም። ዶክተሩ ረጅም ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገና ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ «ይህቺ እኔን አታበላኝም» አለ፤ ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን አየሁ። ገዛኋት።

ዳገት ላይ እርግጥ ታዛጋለች። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው የእንጦጦ መንገድ አየሩ ሲሳሳ፣ ተርቦ የሌላት ምስኪን ድርቆሽ ጭና ስትወጣ፣ ጥላ የያዙ እናቶች በእግር ያልፉናል። ግን ትወጣለች። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ከዘይትና ከፊልትሮ በቀር ምንም አልጠየቀችኝም። ማለዳ ቁልፉን ሳዞረው እንደ ታዛዥ ልጅ አቤት ትላለች።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። አቤት ማለቷን ሰፈሩም ሰማ። በመጀመሪያው ወር ሶፋ፣ ፍሪጅና አንዲት ተከራይ ልጅ ከነአልጋዋ አመላለስኩ። ለፋሲካ በግ፣ ለመስቀል ደመራ፣ ለጥምቀት የሰንበት ተማሪዎች ከነከበሯቸው ካሶኒው ላይ ወጡ። አማቾቼም ጤፋቸውን አሁን የሚያስጭኑት በእኔ ነው። የዕድራችን ዳኛም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላሉ፤ «ልጄ፣ ሐዘን አለ። ድንኳኑን ማምጣት ነው። ያቺ መኪና ትነሳለች አይደል?» ሰው ሞቶ አትነሳም ይባላል? ደግሞስ ማን ያምነኛል፣ አትበላሽም ብዬ በየቡናው ያወራሁት እኔው!

ሁለት ቤት አለፍ ብሎ አንድ ጎረቤት አለኝ። ፒካፑ ያ ዶክተሩ ልጁን ሊያስተምርበት የነበረው ዓይነት ነው። ዓመቱን ሙሉ ኮፈኑ ተከፍቶ ይታያል። የዕድሩ ሰው በበሩ ሲያልፍ ከንፈሩን መጥጦለት ወደ እኔ ይመጣል። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቶ ጋዜጣ ያነባል። ባለቤቴ በመስኮት እያሳየችኝ ምንም አትልም። ምንም አለማለቷ ነው የሚከብደኝ።

ባለፈው ሐሙስ ዶክተሩ ዘንድ ሄጄ በር ዘግቼ ለመንኩት። ለቅዳሜና ለእሑድ ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አበላሽልኝ፤ ከባድ አይሁን፣ ሰኞ የምትድን ትሁን። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ አሰበ።

«ባትሪዋን ባደክመውም ጥቅም የለውም ጋሼ፤ ገፍተው ያስነሷታል። ዕድርተኛው ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ አሥር አባወራ።»

ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋው። «እንግዲያውስ ዳገትም ቢሆን ይገፏታል።»