ጭብጨባው የት ገባ?

ትንሽ ነገር ናት፤ ግን አልለቀቀችኝም። የመሥሪያ ቤታችን ዓመታዊ ግብዣ ካለፈ ሰነበተ፤ ክትፎው ተረስቷል፤ የተሸለሙት ሠራተኞችም የምስክር ወረቀታቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተዋል። እኔ ግን እስካሁን ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ የማሰላስለው ስለዚያ ምሽት ጭብጨባ ነው።

እንደ ወትሮው ኪቦርድ የሚነካ ልጅ፣ አንድ ድምፃዊና ባለ ማሲንቆ ይኖራሉ ብለን ቦሌ የሚገኝ ሆቴል አዳራሽ ስንደርስ፣ በሩ ላይ የቆመች ወጣት ለእያንዳንዳችን የጆሮ ማዳመጫ አደለችን። ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚከድን ትልቅ ነገር። «ሳይለንት ዲስኮ ነው» አለችን በፈገግታ። ሦስት ቻናል አለው፦ ቀዩ የውጭ ዘፈን፣ አረንጓዴው ባህላዊ፣ ሰማያዊው የድሮ። የመረጥከው ቻናል መብራት ጆሮህ ላይ ይበራል። ድምፅ ማጉያ የሚባል ነገር አዳራሹ ውስጥ የለም። የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል አስቀድሞ በላከልን ኢሜይል «ሁሉም በየምርጫው፣ ማንም ማንንም ሳይረብሽ» የሚል ነገር ነበረው። አንብቤ አልፌው ነበር። እንዲህ ያለ ኢሜይል ማን ልብ ብሎ ያነባል?

እንግሊዞቹ ይህን ነገር ለምን እንዳመጡት ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 ግላስተንበሪ በተባለው ዝነኛ የሙዚቃ ድግሳቸው ላይ ሲያስገቡት ምክንያት ነበራቸው። ድግሱ የሚደረገው ገጠር፣ የእርሻ ማሳ ላይ ስለሆነ ሌሊት ጎረቤት እንዳይታወክ የድምፅ ገደብ አለባቸው። እኛ ግን ቦሌ ነን! በወዲህ ጄኔሬተር፣ በወዲያ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ላውንጅ፣ ከታች ጥሩምባውን የሚያንባርቅ የሙሽራ መኪና። ሲነጋ ደግሞ ቁራሌው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ሎተሪ አዟሪው ከነድምፅ ማጉያው። ከዚህ ሁሉ ጫጫታ ተመርጦ ዝም እንዲል የተፈረደበት የእኛ ጭፈራ ነው።

ለማንኛውም አረንጓዴውን አበራሁ። የጎጃም ዘፈን መጣ፤ ትከሻዬም ሳላዘው ተነሣ። ፊት ለፊቴ የቆመውን የሒሳብ ክፍል ልጅ በትከሻ ጠየቅሁት። እስክስታ የሁለት ሰው ወሬ ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ልጁ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ወገቡን ያሾራል፤ ለካ ቀይ ላይ ነው። ሌላ ሰው ፍለጋ ዞርኩ፤ ሰማያዊ። ምን ላድርግ፣ አጨበጨብኩ። አጠገቤ ያለችውም አጨበጨበች፤ የእሷ ከእኔ ኋላ ቀረ። የወዲያኛው ደግሞ ከሁለታችን ቀድሞ ሄደ። ማዳመጫዬን አውልቄ ብሰማ፣ ጭብጨባችን የሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚያንጠባጥበው ወዲህም ወዲያም ይላል። በመሐሉ፣ ምንጣፍ ላይ የእግር ኮሽታ፣ እንዲሁም የግዥ ክፍል ኃላፊው አዝማቹን ከቅኝት ውጭ በሙሉ ድምፁ ሲጮኽ ይሰማል። በሩ ላይ የቆመው የጥበቃ ሠራተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይስቃል። ግብዣውን በትክክል ያየው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

እንግዲህ ከተነሣ አይቀር፣ እኛ ዘንድ የሚጨፍረው ማነው? መሐል የገባው ሰው ብቻ ነው ካላችሁኝ አልስማማም። አጨብጫቢው አለ። እልል የምትለው አለች። «አሃ» እያለ የሚቀበለው አለ። እምቢ ያለውን እጁን ጎትቶ የሚያስነሣው፣ ብር አውጥቶ ግንባር ላይ የሚለጥፈው አለ። ጥግ ተቀምጠው «ትከሻዋ ልክ የአባቷ ነው» የሚሉ አክስትም አሉ፤ እኒህ ሳይነሡ ነው የሚጨፍሩት። ጉራጌው ዘንድ ጭብጨባው ከሌለ እግሩ በምን ይፈጥናል? ትግራይ ላይ ሰው ክብ ሠርቶ የሚዞረው ከበሮው ስላለ ነው። ለየጆሮው የየራሱ ከበሮ ከታደለው ክቡ ማንን ይዞራል?

ደርግ እንኳ እንዲህ አላደረገንም። በሰዓት እላፊው ዘመን ክለብ ገብቶ ያመሸ ሰው ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፍር እንደነበር የዚያን ጊዜ ሰዎች ያወራሉ። ዋልያስ ባንድ፣ እነ ኃይሉ መርጊያ፣ ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ የነበሩት በዚያው ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ እስኪሄዱና ገሚሶቹ እዚያው እስኪቀሩ ድረስ። ውጭ ወታደር፣ ውስጥ ኦርጋንና ሳክስፎን። መንገዱ ተዘጋ እንጂ ጭብጨባው ለየብቻ አልተከፋፈለም።

ወደ ግብዣው ልመለስ፤ ሥራ አስኪያጃችንን አላነሣኋቸውም። መሐል ገብተው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ሰበር እያደረጉ ሲወርዱት አዳራሹ በሙሉ ከበባቸው። የገበያ ክፍል ኃላፊዋ እልልታውን አቀለጠችው። እኔም ለማጨብጨብ፣ በየትኛው ቻናል እንዳሉ ለማወቅ ጆሯቸውን አየሁ። ቀይ የለም፤ አረንጓዴ የለም፤ ሰማያዊም የለም። መብራቱ ጠፍቷል፤ ባትሪው አልቋል። ዙሪያዬን ስቃኝ ሁሉም አይቷል፤ ሁሉም ያጨበጭባል። ሲጨርሱ ላባቸውን እየጠረጉ «የዘፈን ምርጫው ግሩም ነው!» አሉ። እውነት ነው አልን። አንድ ባልደረባዬ ከጎረቤት ላውንጅ ግድግዳ ዘልቆ የሚመጣውን ይሰሙ ነበር ብሎ እስካሁን ይሟገትላቸዋል። ይህ ልጅ ዘንድሮ እድገት ካላገኘ ይገርመኛል።

አዝማሪ ቢኖር ይህ ይታለፍ ነበር? በዚያች የፈረስ ጭራ ክር በተወጠረባት ማሲንቆ ፊትህ መጥቶ ኮትህን፣ ጫማህን፣ ቦርጭህን አይቶ ነው የሚገጥምልህ። «ተቀበል!» ብለህ የራስህን ስንኝ ትሰጠዋለህ፣ በአንተ ስም ይዘፍነዋል። መኳንንት ፊት ቆሞ ሌላው የማይደፍረውን በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ሲናገር የኖረ ሙያ ነው። የጠፋችውን መብራት ገና ከበሩ ያያት ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም ራሳቸው ስቀው ብር ይለጥፉለት ነበር፤ እኛም እፎይ እንል ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱ ያልቅብኛል። ማዳመጫዎቹ በሻንጣ ተጭነው በኪራይ የመጡት፣ ዓመት በዓመት የሚመጡት ሙዚቀኞች «በጀት የለም» ከተባሉ በኋላ ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ የአዝማሪ ቤቶቹ ታዳሚ ከነሰፈሩ ተበትኗል፤ በዚህ ላይ የድርጅት ግብዣ ሲቀርበት አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ የት ይሂድ? ደግሞስ ማነው «ተረበሽኩ» ያለው? እኛ እኮ ዓመቱን ሙሉ በየጠረጴዛችን ጆሯችንን ደፍነን የምንውል ሰዎች ነን። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ እናቱ መሞቷን የሰማሁት በኢሜይል ነው፤ ክንድ ለክንድ እየተነካካን! «እኛ ቤተሰብ ነን» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ የሰቀለ መሥሪያ ቤት፣ በዓመት አንዴ አብረን በምንሰማባት ምሽት ላይ ጆሮ መድፈኛ ተከራይቶ ያድለናል? ለዚህም ገንዘብ ይከፈላል? የግብዣውን ኢሜይል ያረቀቀው ሰው እሑድ ሠርግ አይሄድም? ለቅሶስ አይቀመጥም?

ተናደድኩ መሰለኝ።

ለነገሩ የመዝገብ ቤቷን እትዬ ባላያቸው ኖሮ ንዴቴ ሙሉ ይሆን ነበር። እሳቸው በየዓመቱ ግብዣ ላይ ጎትተናቸው፣ ለምነናቸው፣ አጨብጭበንላቸው አንድም ጊዜ ተነሥተው አያውቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለስላሳቸውን ጠጥተው፣ በጊዜ ይሄዳሉ። በዚያ ምሽት ግን ማንም ሳይጎትታቸው አምዱ ሥር ቆመው እግራቸውን ሲያፈጥኑት አየሁ፤ ያውም የጉራጌውን፣ ያውም አሳምረው። ማንም ልብ አላላቸውም፤ ለእሳቸውም የተመቻቸው ይኸው ይመስላል። መብራታቸው ሰማያዊ ነው። ምን ቢሰሙ ነው ብዬ የእኔንም ወደ ሰማያዊ ቀየርኩት። ዝግ ያለ፣ የተኛ ትዝታ ነበር የሚዘፈነው! በትዝታ ያንን እግር ማን ያወጣል?

ሰኞ መዝገብ ቤት ስሄድ «እትዬ፣ ያን ዕለት ግን ምን እየሰሙ ነበር?» አልኳቸው። ከፋይላቸው ቀና ሳይሉ «አንተ ልጅ፣ ሥራ የለህም?» አሉኝ። እንግዲህ ያ ሁሉ ጎተታና ጭብጨባችን ሲያስነሣቸው ነው ወይስ ሲያስቀምጣቸው የኖረው? ለመጠየቅ ደግሞ አልደፈርኩም፤ ፋይሌም ገና እጃቸው ላይ ነው።

የዝግጅት ኮሚቴው ለሚቀጥለው ዓመት ሐሳብ ስጡ ብሎ ቅጽ በትኖልናል። የሳልሳ አስተማሪ ይመጣል የሚል ወሬም አለ፤ ይምጣ፣ ግድ የለኝም። ከኮሚቴው ጋር የምትተዋወቁ ካላችሁ ግን አደራ፣ አንድ ማሲንቆ ጨምሩበት በሉልኝ። ማዳመጫውንም ጨርሰው አይተዉት፤ ለመዝገብ ቤት አንድ ይቅርላቸው።