«አንተ ሕፃኑ ነህ»

ልጅ ማጫወት ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ገና ያልወለዱና የልጆቻቸውን ሰርግ ደግሰው የጨረሱ። መሀል ላይ ያለነው ዝም እንላለን። ዝም የምንለውም ጨዋነት ይዞን አይደለም፤ ምንጣፍ ላይ ተንበርክከን አፋችን ውስጥ የመታጠቂያ ገመድ ስለገባ ነው። ልጓም መሆኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ አካላቸውን ማንቀሳቀስ አለባቸው ይላል። መልካም። ማን ጀርባ ላይ ሆነው እንደሚንቀሳቀሱ ግን አልገለጸም። እኛ ቤት ፈረሱ እኔ ነኝ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግልቢያ ማለት ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሳሎን ነው። ከበታቻችን ያሉት ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ሲደበድቡ ፈረሱ ቀጥ ይላል፤ ጋላቢው አቡሽ ግን «ቼ!» ማለቱን አይተውም። ያው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት አይቀመጥ ይላል። ስለ ፈረሱ የዕረፍት ሰዓት አንድም ቃል የለበትም። ጸሐፊዎቹ ተጋልበው አያውቁም ማለት ነው።

ከግልቢያው የሚያሳርፈኝ አኩኩሉ ነው። ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ!» ይላል፣ ተደባቂው ቦታ እስኪይዝ «አልነጋም!» እያለ ይመልሳል፣ ሲመቻችለት «ነጋ!» ይላል። ትልቋ ልጄ ሚሚ አራት ዓመቷ ነው፤ የምትደበቀው ሁልጊዜ የሳሎኑ መጋረጃ ጀርባ ነው። መጋረጃው ከጉልበቷ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ሁለት ቀይ ካልሲዎች ቆመው «አልነጋም!» ይሉኛል። መደበቅ የምትወደውን ያህል መገኘት አትወድም፤ እኛ ቤት ሳይነጋ እራት የሚቀርብበት ቀን ብዙ ነው።

ሲነጋልኝ ሥራዬ መፈለግ እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ አለማግኘት ነው። ሶፋ ሥር አያለሁ፣ ፍሪጁን እከፍታለሁ፣ የራሴን ጫማ አንስቼ ውስጡን እመረምራለሁ። «ሚሚ የት ገባች? ጅብ በላት እንዴ?» እላለሁ ድምፄን አሳዝኜ። ከመጋረጃው ጀርባ «አልበላኝም!» የሚል መልስ ይመጣል። ትወናዬ ካላማረ ጨዋታው ከመጀመሪያው ይደገማል። ካማረም ይደገማል። ስትደበቅም እዚያው መጋረጃ ጀርባ ተመልሳ ነው፤ ጥሩ ቦታ መሆኑን አይታለቻ! የእኔ ተራ ሲደርስ ደግሞ «አባቢ፣ አንተ አልጋ ሥር ተደበቅ፣ እሺ?» ብላ ቦታዬን መድባልኝ ትሄዳለች፤ ከዚያ ፈልጋ ስታገኘኝ በችሎታዋ ትገረማለች።

የሁለት ዓመቱ አቡሽ መጋረጃም አያስፈልገው። ሳሎኑ መሀል ቆሞ ሁለት መዳፉን ዓይኑ ላይ ይለጥፋል፤ በቃ፣ ተሰወረ። ይህን የሞኝነት ነገር አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆችን ዓይን ሸፍነው «ትታያለህ?» ብለው ጠይቀዋል። አብዛኞቹ «አልታይም» አሉ። «ሰውነትህስ?» ሲባሉ «እሱማ ይታያል» አሉ። ዓይን ለዓይን ካልተገጣጠሙ በስተቀር እነሱ ራሳቸው አልታዩም፤ የታየው ገላቸው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አለቃዬ በኮሪደሩ ሲመጣ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ የማልፈው በዚሁ ስሌት ነው፤ እስካሁን አልከሸፈብኝም።

የቤታችን ዋና ጨዋታ ግን እቃ እቃ ነው። ለእሱ መጫወቻ ተገዝቶ ነበር፤ ፕላስቲክ ምድጃ፣ ፕላስቲክ ዶሮ፣ ፕላስቲክ ካሮት። ሚሚ ካርቶኑን ወሰደችና ቤት ሠራችበት፤ ምድጃው ውጭ ቀረ። ሲኒዎቹ የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው፣ ጀበናዋ ያለቀ የሻምፖ ጠርሙስ። ቡና ስታፈላ ያያት ሰው ውሃ የሌለበት መሆኑን ይረሳል፤ ታጥባለች፣ ትቆላለች፣ ጭሱን በእጇ ወደኛ ታራግባለች፣ እኛም በደንብ ማሽተት አለብን። አቦል ተብሎ ተራዬ ሲደርስ ቆርኪዬን አንስቼ እፍ እፍ አልኩና ፉት አደረግሁ።

«ቆይ እንጂ! ገና አልቀዳሁልህም!»

በዚህ ጥፋት ከእንግድነት ተሻርኩ። «በቃ፣ አንተ ሕፃኑ ነህ» ተባልኩ። ቶናው ሲዞር እጄን ብዘረጋ «ሕፃን ቡና አይጠጣም» ተብሎ እጄ ተመለሰ፤ እውነተኛውን ቡና ከጠዋት ጀምሮ እንዳልቀመስኩ ማን ይንገራት! አባትነቱ ለአቡሽ ተሰጠ። አቡሽ ቦርሳዬን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ወደ ኮሪደሩ «ሥራ» ሄደ፤ በር ላይ ዞሮ ወዲያው ተመለሰ፣ ሶፋው ላይ ተዘረጋና «ዴከመኝ» አለ። ቀጥሎ መዳፉን ፊቱ ላይ አቅርቦ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ይገፋ ጀመር። ሚሚ ወደኔ ዞር ብላ «አትጩህ፣ አባትህ ደክሞታል» አለችኝ። ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ ስትስቅ ይሰማኛል። ሕፃን ስለሆንኩ ምን ብዬ ልከራከር?

ስልኬ ላይ የምትመጣ አንዲት ፈረንጅ እናት አለች፤ በየሳምንቱ ሩዝ ሰማያዊ ቀለም ነክራ በሰፊ ሳፋ ታቀርባለች፣ ልጆቿ በማንኪያ እየቀዱ ይገለብጣሉ፣ አንድ ፍሬ መሬት አይወድቅም። ይህን ለልጆቹ ላደርግ ሩዙን ስለካ አማቴ ደረሱ። ቀለሙን አዩ፣ ሩዙን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ ይሄን ማን ሊበላው ነው?»

«ለመጫወቻ ነው፣ እማዬ።»

«እህል?»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልጽፈውም። ሩዙ ወደ ጣሳው ተመለሰ፤ በምትኩ ሰፌድና ምስር አመጡ። አቡሽን ጭናቸው ሥር አስቀምጠው «ልቀም» አሉት። ልጁ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ በሁለት ጣት እየቆነጠረ ጠጠሩን ለብቻ ማስቀመጥ ያዘ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በቤታችን ሰምተን አናውቅም። ሴትዮዋ በቪዲዮ «የጣት ጡንቻ ማጠንከሪያ» የምትለውን አማቴ ለወጥ ይጠቀሙበታል። ዓይናቸው ግን ከልጁ አፍንጫ አልተነሳም፤ ሽምብራማ በዚህ ዕድሜ አጠገቡ አይደርስም ይላሉ፣ አፍንጫ ከገባ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። አንድ ነገር ብቻ አምልጧቸዋል፤ ከሁለቱ ክምር የትኛው እንደሚጣል ለልጁ አልነገሩትም። አቡሽ ለጠጠሩ አዘነለትና መልሶ ቀላቀለው። በምሳ ሰዓት የመጀመሪያው «ቀጭ» የመጣው ከራሳቸው ከአማቴ ጥርስ ነው። «የድንጋዩ ነገር የሚያልቅ አይደለም» ብለው ወደ ነጋዴው አመካኙ፤ ልጁን የሚከስ ቃል አልወጣቸውም።

ስለ ሽርሽር ብዙ አልልም። አንድነት ፓርክ ጥቁር ጎፈር አንበሶቹን ልናሳያቸው ወስደናቸው አቡሽ ጊዜውን ጉንዳን ሲከተል ፈጀው፤ የመግቢያውን ዋጋ ለጉንዳን የከፈለ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ብሔራዊ ሙዚየም ግን ሌላ ነው። አምስት ኪሎ አካባቢ ያላችሁ ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ግቡ፤ ወደ ሉሲ ውረዱና ዝም ብላችሁ አድምጡ። ከመስታወቱ ውስጥ ያለው ቅጂው ነው፤ በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር የተገኘው ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስላት ሚሚ ምንም አልመሰላትም፤ ለእሷ ትናንትም «ድሮ» ነው። ያሳሰባት ሌላ ነበር።

«እናቷ የት አለች?»

«እ... የለችም።»

«ሥራ ሄዳ ነው?»

አጠገቡ የቆመውን የሉሲ ምስል ስታይ ደግሞ ሄዳ ጎኑ ቆመች። ሉሲ ቁመቷ ከ1 ሜትር ብዙም አይዘልም፤ የሚሚም እዚያው አካባቢ ነው። በእጇ ከራሷ አናት ወደ ሉሲ አናት ለካችና ፊቷ በራ። «አባቢ፣ ኬጂ ስንት ናት?» አለችኝ። ጥበቃው ሳቁን ሊደብቅ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግስቱ እቃ እቃው ተዘጋና ሙዚየም ተከፈተ። ሻምፖ ጠርሙሱ ወደ ጎን ተደረገ፤ የእናቷ ነጠላ ከወንበር ወደ ወንበር ተወጥሮ አጥር ሆነ፤ አቡሽ የእኔን ኮፍያ አድርጎ ጥበቃ ተቀጠረ። እኔ እንደለመድኩት ተንበርክኬ ልጓሜን ስጠብቅ ሚሚ ወደ ምንጣፉ እያመለከተች «አባቢ፣ ዛሬ አንተ ሉሲ ነህ፤ ተኛ» አለችኝ።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ጨዋታ ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ። ዕቃ አይገዛበትም፣ ቀለም አይነከርበትም፣ ከበታች ያሉትን ጎረቤት አይረብሽም። ተጨዋቹ በጀርባው ይተኛል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። ልጆቹ እየዞሩ ይጎበኛሉ፣ «እናቱ የት አለች?» ይላሉ፣ ወጥተው እንደገና ቲኬት ቆርጠው ይገባሉ። ብታንኮራፉ እንኳ የድሮ ሰው እንደዚህ ነበር ተብሎ ይታለፋል። መስታወቱን አልፌ ወደ እንቅልፍ ስገባ ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ አለች።

«ይሄን ሁሉ ዕቃ የሚያጥብልኝ ሰው የለም እንዴ?»

ጥበቃው እጁን ዘርግቶ «አይነካም!» አላት። ሚሚም ድምፅዋን እንደ አስጎብኚ ዝቅ አድርጋ አስረዳቻት።

«እማዬ፣ እሱ አጥንት ነው። አጥንት ዕቃ አያጥብም።»