ክቡር እንግዳው ፎከስ ውስጥ ናቸው

በእኛ አገር የብስክሌት ውድድር ፎቶ ላይ ባነር አይጠፋም፣ ዋንጫ አይጠፋም፣ ክቡር እንግዳ አይጠፋም። አንዳንዴ የሚጠፋው ብስክሌቱ ነው።

ይህን ያልኩት ካሜራ አንጠልጥሎ ለሚዞር ወዳጄ ነው። ክረምት ነው፤ መቀሌ አጠገብ፣ ቃላሚኖ፣ መንገድ ዳር፣ «አደይ» ከምንላቸው በለስ ሻጭ እናት አጠገብ ቆመናል። ወዳጄ ተቆጣ።

«ክቡር እንግዳውን ካላነሳሁ ማን ይከፍለኛል?»

«አንሳቸው እንጂ! ግን እሳቸው ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ የትም አይሄዱም። የሚያመልጥህ ያ የሚመጣው ልጅ ነው።»

«የቱ ልጅ?»

«አለፈ።»

አደይ በለሱን እየላጡ ቀና አሉ። «ልጄ፣ አንገትህ ላይ ያለው ይሠራል ወይስ ለጌጥ ነው?»

ወዳጄ ክብሩ ተነካ። ባለፈው ያነሳውን ከካሜራው ላይ አውጥቶ አሳያቸው። ብስክሌተኛው ቁልቁል እየወረደ ነው፤ ሻተሩ 1/1000 ሰከንድ ስለሆነ የጎማው ሽቦ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አደይ ትኩር ብለው አዩትና «ምነው ቆመ? ጎማው ተነፈሰበት?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሁሉን ነገር ቀጥ አድርጎ ማቆም ፍጥነትን መግደል ነው። ሻተሩን ወደ 1/60 አውርዶ፣ ካሜራውን ከልጁ ጋር እኩል እያዞሩ ቢተኩሱ፣ ልጁ ጥርት ይላል፤ ከኋላው ያለው ቁልቋልና የድንጋይ ካብ ደግሞ ተስቦ ጭረት ይሆናል። ያኔ የሚያየው ሁሉ «በረረ!» ይላል። አብዛኛው ሙከራ ይበላሻል። ይበላሽ! የሚቃጠል ፊልም የለ።

«የብስክሌተኞቹ ፊት ይጠቁርብኛላ!» አለ ወዳጄ ደግሞ።

«በስድስት ሰዓት እያነሳህ ሄልሜቱን አትውቀስ። መቀሌ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ ፊትን ጥላ ታለብሳለች። በጠዋት ተነስ።»

«በጠዋትማ ማን አለ?»

«ብስክሌተኞቹ። ካንተ በቀር ሁሉም አሉ።»

መሸነፉን ሲያይ ወደ ውጭ አገር ሸሸ። «እኔ ቤልጅግ ብሆን ኖሮ ሳይክሎክሮስ እያነሳሁ ስሜ በገነነ!» ብሎ ለአደይ ያስረዳቸው ጀመር። ውድድሩ በጭቃና በሣር ላይ ነው፤ ጎማው ከ33 ሚሊ ሜትር እንዳይሰፋ ደንቡ ይከለክላል፤ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የእንጨት መሰናክል አለ፤ ዳገቱ ሲጠና ተወዳዳሪው ወርዶ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ይሮጣል። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1950 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ተካሄደ።

«ሰውዬው ከተሸከመው፣ ብስክሌቱ ምን ይሠራል?»

«ያርፋል፣ አደይ።»

«እሱንማ እኛም ስናደርገው ከርመናል! ነዳጅ የጠፋ ጊዜ ብስክሌት ላይ እህል ጭኖ እየገፋ ዳገት የወጣውን ሁሉ ለምን አላነሳኸውም?»

እዚህ ላይ ሳቃችን ቀነሰ። በትግራዩ ጦርነት ዓመታት ነዳጅ ሲቋረጥ በመቀሌ ጎዳና ላይ መኪና ቆሞ ብስክሌት ይሄድ ነበር። ውድድር ስላልነበረ ሜዳሊያ የሸለመ የለም።

ወዳጄ ግን አይረታም። «ዋናው እኮ ጭቃው ነው! እዚህ ጭቃ ከየት ይመጣል?» አደይ ምንም አልመለሱም፤ ጫማውን ብቻ አዩለት። ፈረንጅ ጭቃውን የሚያገኘው በኅዳርና በጥር ነው፤ ለእኛ ሐምሌና ነሐሴ በነፃ ያቀርቡልናል። ካሜራው ይረጥባል ካልክ ፌስታል አልብሰው።

«ቢሆንም እዚህ የሚነሳ ታዋቂ የለም» አለ በመጨረሻ።

ይህችን ሳልመልስ ብሄድ ያመኝ ነበር። ጽጋቡ ግርማይ የመቀሌ ልጅ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ማሊያ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እየሩ ገብሩ በትግራይ መንገዶች ላይ የጋለበች ልጅ ናት፤ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የተወዳደረችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው። ፓሪስ ካሜራ አያልቅባትም። ፓሪስ የሌላት እነዚህ ልጆች ገና ማንም ሳያውቃቸው፣ እዚህ ዳገት ላይ ሲያልባቸው የሚያሳየው ፎቶ ነው። እሱን ማንሳት የነበረብን እኛ ነበርን።

«ያኔ ታዋቂ እንደሚሆኑ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም። ስለዚህ ሁሉንም ታነሳለህ።»

ፎቶ አንሺዎች ሆይ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ያለው ወረፋ ይበቃል። አንድ ሁለታችሁ ዳገቱ ወገብ ላይ ቁሙ፤ ብስክሌተኛው የሚያልፍበትን ድንጋይ ቀድማችሁ ፎከስ አድርጋችሁ ጠብቁ፤ ጉልበታችሁ ቆሻሻ ይንካው፣ ዝቅ ብላችሁ አንሱ። መሪው ካለፈ በኋላ ካሜራውን አትዝጉ፤ የመጨረሻው ልጅ ገና እየመጣ ነው። አዘጋጆችም ብትሆኑ ለፎቶ አንሺ በሞተር ሳይክል ኋላ አንድ ቦታ መድቡ። ወጪ በዛ ካላችሁ ከምሳ ግብዣው ላይ ቀንሱ።