ሲያድግ ይሆነዋል

በእኛ ቤት ለልጅ ልብስ ሲገዛ የሚለካው ዛሬ ያለው ልጅ አይደለም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት የሚመጣው ነው። እጅጌው ይታጠፋል፣ ሱሪው ይጠቀለላል፣ ጫማው ጫፍ ላይ ጨርቅ ይወተፋል። ልጁ ልብሱን በሞላ ማግስት ልብሱ ያልቃል፤ ካላለቀ ለታናሹ ይተላለፍና እጅጌው እንደገና ይታጠፋል። በእኛ ቱላ በዚህ ሕግ ያላደገ ሰው ካለ ወይ አንድያ ልጅ ነው፣ ወይ አባቱ ልብስ ሰፊ ነው።

ሕጉ ፓስፖርት አውጥቶ ካልጋሪ መግባቱን ያወቅሁት ግን በቅርቡ ነው። እዚያ የምትኖረው እህቴ ልጅ በረኛ ሆኗል። የእግር ኳስ ቢሆን ኖሮ መርቄው በተገላገልኩ፤ የአይስ ሆኪ በረኛ ነው። እህቴ ደውላ «ጋሽዬ፣ የቤተሰቡ በረኛ አንተ ነህ፤ የደረትና የክንድ መከላከያ ምረጥልን» አለችኝ። በረኛነቴስ እውነት ነው። አቧራ ላይ፣ በሁለት ድንጋይ መካከል ቆሜ ነው ያደግሁት። መከላከያዬ ምን እንደነበረ ግን የረሳችው ይመስለኛል። ሁለት ሹራብ ነበር፤ አንዱም የእሷ።

ያኔ በረኛ በችሎታ አይመረጥም። መሮጥ የማይወድ፣ ወፈር ያለ ወይም ዘግይቶ የመጣ ልጅ ጎል ይገባል። ኳሱ ካልሲ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ስለሆነ ደረት ላይ ቢያርፍም ብዙ አይጎዳም፤ የሚያሳምመው መሬቱ ነው። አንዱ ጓደኛችን የሳሙና ካርቶን ከሹራቡ ሥር አድርጎ መጣ። ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ እሱንም ጭምር ስላሳቀው፣ እየሳቀ ሦስት ገባበት።

ለነገሩ የበረኛን ነገር ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከስንት ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ገባን ብለን ስንጨፍር፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። የሐዋሳው ልጅ አዳነ ግርማ አግብቶ አንድ ለአንድ አወጣን። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣና ቅያሪ ስላለቀ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ፍጹም ቅጣት ምት ፊት ቆመ። ቪክተር ሞሰስ አልራራለትም። እንዲህ ያየ ሕዝብ በረኛ ምን ያህል ብቸኛ እንደሆነ ያውቃል።

የሆኪው በረኛ ብቸኝነት ላይ ግን ጎማ ይጨመርበታል። ፓክ የሚሉት ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር ስፋቱ 7.62፣ ውፍረቱ 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ክብደቱ ቢበዛ 170 ግራም ስለሆነ፣ ከ410 እስከ 450 ግራም ከሚመዝነው የእግር ኳስ ጋር አስተያይቶ የሚንቀው ይኖራል። አይናቅ። እንዳይነጥር ብለው ከጨዋታ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩታል። ጥሩ መቺ ካገኘው በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ከቱላ ሐዋሳ በዚህ ፍጥነት የሄደ ባጃጅ እስካሁን የለም፤ ሹፌሮቹ አልሞከሩም ማለቴ ግን አይደለም።

ይህ ጎማ እየበረረ አብዛኞቹ በረኞች ለብዙ ዘመን ፊታቸውን ሳይሸፍኑ መቆማቸው ነው የሚገርመኝ። የሞንትሪያሉ ዣክ ፕላንት እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1959 ኒው ዮርክ ላይ ፊቱን ተመትቶ ከተሰፋ በኋላ፣ ጭምብሌን ካላደረግሁ ሜዳ አልገባም ብሎ እምቢ አለ። አሠልጣኙ ጭምብሉን አይወዱትም ነበር፤ ግን ሌላ በረኛ ስላልነበራቸው ዋጥ አደረጉት። ተጠባባቂ አለመኖሩ የጠቀመው በረኛ እሱን ብቻ አውቃለሁ።

ወደ ካልጋሪው ጉባኤ ልመለስ። እህቴ «ሰፋ ያለ እንግዛለት፣ ሲያድግ ይሆነዋል» አለች። መከላከያው መቶዎችን ዶላር እንደሚበላ ስሰማ አልፈረድኩባትም። ባሏ «ሰልባጅ ይፈለግ» አለ። ልጁ ደግሞ ቀዩን አለ። ከማሊያ ሥር የሚለበስ ዕቃ ቀለሙን ማን ያይለታል ብዬ ብጠይቀው «እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ዘጋኝ። ይህ ልጅ የእኛ ዘር ነው።

ሦስቱን ማስታረቅ ሲያቅተኝ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ወደሚረግጠው ልብስ ሰፊ ወዳጄ ሄድኩ። ፎቶውን በስልኬ አሳየሁት። ሰሜን የተወለደ ሰው ስለሆነ ሆኪ ስለው የመጣለት የገና ጨዋታ ነው። «እኛ በቆልማማ ዱላ ቅልጥማችንን ስንባል የለበስነው ነጠላ ነበር» ብሎ ትንሽ ታዘበኝ። ከዚያ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ልጁ ሥራውን የሚሠራው ቆሞ ነው ተቀምጦ?»

«አጎንብሶ፣ ጉልበቱን አጥፎ።»

«ታዲያ ቆሞ ምን ያስለካዋል? ቆመው የተለኩት ኮት መኪና ውስጥ ሲገቡ አገጭ የሚመታው ለዚህ አይደል? እንደሚሠራው ሆኖ ይለካ።»

ካልጋሪ ሱቅ ውስጥ ያለው ባለሙያም ቢጠየቅ ከዚህ የተለየ አይልም። ልጁ የበረኛ ሱሪውን ለብሶ፣ መከላከያውን ከላይ አድርጎ፣ እንደ ጨዋታው ማጎንበስ አለበት። የሰፋ ከሆነ የታችኛው ጫፍ ሱሪውን ተደግፎ ወደ ላይ ይገፋና አንገትጌው አገጩ ሥር ይገባል፤ ትከሻው ጆሮው ጋ ይደርሳል፤ ልጁም ጎማውን ሳይሆን የራሱን ስፖንጅ ያያል። ክንዱ ከረዘመ ጓንቱን እየገፋ እጁን ያዘገየዋል። ከጠበበ ደግሞ ሆዱና የእጁ አንጓ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ጎማውም ባዶ ቦታ የሚፈልግ ይመስል እዚያው ሄዶ ያርፋል። እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ይሞክረው። የማይመች ነገር ካለ ሱቁ ውስጥ ያጉረምርም።

እህቴ ይህን ሰምታ «ሰፊ እኮ ጎሉንም ይሸፍናል» አለች። ብልህ ናት፤ ሐሳቡ ግን ተበልቶበታል። የሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ በረኞች ትከሻቸውን ቁምሳጥን አሳክለው ጎሉን ሲሞሉ ኖረው፣ ከ2018-19 የውድድር ዘመን ጀምሮ መከላከያው የሰውየውን ገላ ተከትሎ እንዲሠራ ተደነገገ። አንዳንዶቹ አሁን ጎማው ያቃጥለናል ብለው አጉረመረሙ። እህቴ አጋሮች ነበሯት ማለት ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ማደግ ያቆሙ መሆናቸው ነው።

ባሏ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ልጅ ቶሎ ስለሚያድግ ደህና ሰልባጅ ነውር የለበትም። ስፖንጁን በጣት መጫን ነው፤ ሰርጉዶ ከቀረ ሥራውን ጨርሷል። ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ፣ ማሰሪያው ላልቶ ከሆነም ይለፈው። ከሁሉ በላይ የደረቱን አጥንትና የልቡን ቦታ የሚሸፍነው ክፍል ይታይ። በክፉ ቅጽበት ልብ ላይ ያረፈ ምት ልብን ሊያቆም ይችላል፤ መከላከያም ሁሉን አያስቀርም። እዚህ ላይ ከእህቴ ጋርም አልቀለድኩም።

በመጨረሻ ለዛሬው ልጅ የሚሆነው ተገዛ። ቀይ አይደለም። ልጁ ለሦስት ቀን አኮረፈ ተባልኩ።

እናንተም ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ የቱላ ሰዎች፣ «ልጁ የሆኪ በረኛ ሆነ» የሚል ስልክ ከመጣላችሁ ስለ ዋጋው ከማውራታችሁ በፊት ልጁን አጎንብሱና ለኩት በሏቸው። ከጨዋታ በኋላም ከቦርሳው አውጥቶ ያስጣው፤ ላብ የጠጣ ስፖንጅ ቦርሳ ውስጥ ካደረ ሽታው ጎማውን ከነመቺው ይመልሳል።