በዋጃ ሜዳ ብስክሌትን በላሜራ የመቅበር ጥበብ

ብስክሌት መሥራት የሚፈልግ ተራ ሰው ከብስክሌቱ ይጀምራል። አንተ ግን ከልብሱ ጀምር። ሞተሩ ስንት ዋት እንደሆነ፣ ባትሪው የት እንደሚቀመጥ፣ ሰንሰለቱ በየት እንደሚያልፍ ኋላ ይታሰብበታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ሆኗል፤ ለዘመኑ የሚመጥን ነገር ደግሞ በራያዋ ዋጃ ላይ መታየት አለበት። ስልክህ ውስጥ ያለውን፣ አርት ዴኮ የሚባለውን የጌጥ ስልት ፎቶ ይዘህ በቀጥታ ወደ ላሜራው!

ፎቶው ኦ. ሬይ ኮርትኒ የሚባል አሜሪካዊ የእ.ኤ.አ. 1930 ሄንደርሰን ሞተር ብስክሌትን ያለበሰው አካል ቢሆን ጥሩ ነው። ከፊት እስከ ኋላ አንድ ወጥ ሆኖ የሚፈስ ብረት፣ ሞተሩም ጎማውም የተሸፈነ። ሰውየው ብረት ቀጥቅጦ ቅርጽ ማስያዝ እንጀራው እንደነበረ እርሳው። ከብረቱ ሥር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር እንዳለና ያንተው 250 ዋት መሆኑንም እርሳው። ሌላ አርአያ ከፈለግህ አስመራ ሩቅ አይደለችም። ጁሴፔ ፔታዚ እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራው የፊያት ታሊዬሮ ነዳጅ ማደያ በግራና በቀኝ 15 ሜትር ያህል ክንፍ ያለ ምሰሶ ዘርግቷል። ሕንጻ ስለሆነ ንፋስ አይገለብጠውም፤ በዚህ ረገድ በእሱና በብስክሌት መካከል ልዩነት የለም ብለህ ተነሣ።

አሁን ዋናውን ጥንቃቄ ልንገርህ። መንገድ ዳር የግቢ በር የሚሠራውን በያጅ ምንም ነገር እንዳትጠይቀው። እሱ ስንት ዘመን ሙሉ ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ የሚበተን የፀሐይ ጨረር፣ እርስ በርሱ የተሰካካ አልማዝ፣ ደረጃ እየሠራ የሚወርድ መስመር ሲበይድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1925 ፓሪስ ላይ ታላቅ ኤግዚቢሽን የተከፈተለት፣ አርት ዴኮ የሚለው ስምም ከዚያው ኤግዚቢሽን የተወሰደለት ጌጥ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለእኔ በቆቦና በአላማጣ መንገድ ላይ የሚታየው እውነተኛ አርት ዴኮ የላሜራ በር ነው፤ አንተ ግን «በር ሠሪ» ብለህ እለፈው። ብትጠይቀው ያስቸግርሃል። ላሜራ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን በጉልበት እንደሚታጠፍ፣ በሁለት አቅጣጫ እንዲጎብጥ ከተፈለገ ግን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አስተኝተው ቀስ እያሉ በመዶሻ መሳብ እንደሚያስፈልግ ይነግርሃል። ቀጭን ላሜራ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ በየመሃሉም እየበረደ ነው የሚበየደው ይልሃል። ይህን ሁሉ ማን ይሰማል? ከአንዱ ጫፍ ጀምረህ ሳታቋርጥ እስከ ሌላው ጫፍ በይድ። ብረቱ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ የተፈጠረውን ማዕበል ስቱኮ ይደፍነዋል። ስቱኮው ኮረኮንች ላይ ሲፈረካከስ ደግሞ ጥንታዊ ዕቃ ነውና ውድ ነው ብለህ ታወራለታለህ።

ውፍረት ላይ አትሰስት። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ባለ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ 16 ኪሎ ገደማ ነው፤ ባለ 1.5ቱ ወደ 24 ይጠጋል። ባለ 1.5ቱን ሁለት ግዛ። አሉሚኒየም የዚህን ሲሶ ያህል ይመዝናል ቢሉህ፣ ቀላል ነገር ክብር የለውም በላቸው። ከሞተሩ፣ ከባትሪውና ከብስክሌቱ ጋር 70 ኪሎ ሲሞላ የራስህን ክብደት ያክላል፤ ፍሬኑ ግን ያው የቀድሞው ላስቲክ ይሁን።

ላሜራ ከተወደደብህ የቤት ክዳን ቆርቆሮ አለልህ። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። ክፍሉን ዘግተህ ሳብ ሳብ አድርገው። ማታ ያንቀጠቅጥሃል፣ ያተኩስሃል፣ ራስህን ይፈልጥሃል። አገሩ ቆላ ነውና ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ ወባ ነው ይላል። ጤና ጣቢያ ደም ትሰጣለህ፤ ወባ የለብህም ትባላለህ። ወተት ጠጣ የሚልህ አይጠፋም፤ ጠጥተህ በማግስቱ ሲሻልህ ወደዚያው ክፍል ተመለስ። (በላሜራው ፈንታ በርሜል ቢያምርህ ግን ፌዙን ለአንድ አፍታ ላቁመው። ቤንዚን የነበረበትን በርሜል ጉብጠቱ ተስማማኝ ብለህ እሳት አታስጠጋው። ባዶ ቢመስልም ትነቱ ውስጡ አለ፤ ይፈነዳል።)

የፊት ፓራፋንጎ ጎማውን እስከ ግማሹ ይሸፍን፣ ከጎማው ጋርም ይጠጋጋ። መሪው አይዞርም፤ ቢሆንም የራያ ሜዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ ግመል መንገድ እስኪያቋርጥ ድረስ መዞር አያስፈልግህም። የኋላውን በቡሎን ከማሰር በይደው። የግራር እሾህ ጎማህን በወጋው ቁጥር ጎሚስታው ግራይንደር ይዞ ይመጣል፣ ከተማውም ይሰበሰባል። ጎንና ጎኑ በላሜራ ስለተዘጋ፣ ከሰዓት በኋላ አቧራ አንሥቶ የሚመጣው ንፋስ ከአስፋልቱ አንሥቶ ማሽላው ውስጥ ያስገባሃል። እዚያ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ወፍ የሚጠብቁት ልጆች ደጋሊት ከሚባለው ማሽላ መሃል እየጎተቱ ያወጡሃል፤ የመጀመሪያዎቹ አድናቂዎችህም እነሱ ናቸው።

ሞተሩ የኋላ ጎማ መሃል የሚገባው ዓይነት ከሆነ፣ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር የራሱን ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰዎች ዘንጉን ከሻንሲው ጋር የሚይዝ የብረት ክንድ ያስሩለታል። አንተ ዳዶውን አጥብቀህ ተወው። አንድ ቀን ዘንጉ ከቦታው ተፈልቅቆ ይዞርና ሽቦዎቹን ጠምዝዞ ይበጥሳቸዋል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱ ይገባሃል።

ባትሪውን ከአሮጌ ላፕቶፕ በወጡ ሴሎች ሥራው። 13ቱን በተከታታይ ስታገናኝ ወደ 48 ቮልት ይመጣልሃል፤ የትኛው ደክሟል የትኛው በርትቷል ብለህ አትለካ፣ የሚጠብቃቸውን ሰሌዳም ዝለለው። ከዚያ መተንፈሻ በሌለው ሣጥን አሽግና ጥቁር ቀባው። የሊቲየም ሴል ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ቻርጅ መደረግ የለበትም ይላሉ አምራቾቹ። እነሱ የቆቦን ፀሐይ አያውቋትም፤ እንደ ደረስህ እዚያው ፀሐይ ላይ ሰካው።

ለምረቃው ኮረምን ምረጥ። ሜዳውን ማንም ይነዳዋል፤ የግራካሶን ዳገት መውጣት ነው እንጂ! ከአላማጣ እስከ ኮረም ከፍታው 1000 ሜትር ገደማ ነው። አንተና ብስክሌቱ 140 ኪሎ ከሆናችሁ፣ ለሽቅቡ ብቻ 380 ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል፤ ዳገት ላይ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመር ከ500 ያልፋል። ባለ 48 ቮልት 10 አምፒር ሰዓት ባትሪህ የያዘው 480 ነው። ፔዳሉን የመስመሩን ውበት አበላሸብኝ ብለህ ቀድመህ ስላወጣኸው ሂሳቡ እዚያው ጠመዝማዛው ላይ ይዘጋል። አይሱዙ ለምነህ አስጭነው። ረዳቱ የብስክሌት ሳይሆን የቁም ሣጥን ሂሳብ ቢጠይቅህ አትከራከረው፤ ከፍለህ ውጣ።