ለማስተርስ ነው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው መጠይቅ ሳይሞላ የሚያልፈው ወር ካለ ዕድለኛ ነው። የሻይ ሰዓት ላይ አንዱ የሥራ ባልደረባ ወረቀት አንጠልጥሎ ይመጣል፤ «መምህር፣ ለማስተርስ ነው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ»። አምስት ደቂቃ የተባለው ፊትና ጀርባ የታተመ ጥራዝ ነው። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም… ከሦስተኛው ገጽ በኋላ ማን ያነባል? እስክሪብቶው ራሱ እየወረደ «እስማማለሁ»ን ያከብባል።

ርዕሱም ያው ነው፤ የመምህራን አመለካከትና አተገባበር፣ የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ተቀይሮ። ውጤቱን ደግሞ ማንም ያውቀዋል፤ አመለካከቱ ጥሩ፣ አተገባበሩ ደካማ፣ ክፍሉ የተጨናነቀ። ይህን ለማወቅ አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቶ ማስተማር ይበቃ ነበር።

የማስተርስ ተማሪው ላይ ብቻ መፍረድ ግን አይሆንልኝም። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የቴክኖሎጂ ስለሆነ፣ የቋንቋ ሰው ቅዳሜ ማለዳ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ሊወጣ ነው፤ ከታች በሸሚዝ ተነስቶ ላይ ጭጋግ ውስጥ ካፖርት ሲፈልግ ይውላል። ሰኞ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይጠብቀዋል። ደመወዙ የቤት ኪራይና አስቤዛ አልፎ ለመስክ ጉዞ አይተርፍም። የአንድ ሽማግሌን ወግ ቀድቶ ድምፅ በድምፅ መጻፍ ስንት ሌሊት ይበላል! በኤስፒኤስኤስ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ግን ሠንጠረዡ በአንድ ማታ ይወጣል፤ አልችልም ካልክም ከፍለህ የሚያወጣልህ አይጠፋም። በዚህ ላይ የ2014ቱ ጦርነት መጣ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎና ወድሞ ከዜሮ ሲጀምር፣ መቅረጸ ድምፅ ግዙልን ማለት ራሱ ያሳፍር ነበር።

የሚያበሳጨው እግራችን ሥር ያለው ሀብት ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በየትኛው ቋንቋ ጀምረው በየትኛው ዋጋ እንደሚቆርጡ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ አንድ መመረቂያ ጽሑፍ አይወጣውም? በአጀሚ፣ በዐረብ ፊደል የተጻፈው የወሎ መንዙማስ? ስለ ወሎ አማርኛ ዘዬ አምሳሉ አክሊሉና ሀብተ ማርያም ማርቆስ በ1973 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ጥቂት ገጾች ጻፉ። እኛ ዛሬም እነዚያን ገጾች ጠቅሰን እናልፋለን እንጂ፣ የዛሬው የደሴ ልጅ እንዴት እንደሚናገር ወርደን አንጠይቅም።

አርጎብኛውማ አይነሳ። ከኮምቦልቻ በከሚሴ መንገድ ወርዶ ተራራውን ለወጣ፣ ሾንኬና ጦላሃ እዚያው ናቸው። የእነዚህን መንደሮች አርጎብኛ ሰዋስው አንድሬያስ ቬተር የተባለ ሰው መርምሮ በ2010 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። በጀርመንኛ! እንግዲህ የጎረቤታችንን ንግግር ለማወቅ መጀመሪያ ጀርመንኛ መማር ሊኖርብን ነው። ሰውየው ምን አጠፋ፤ ከዚያ ድረስ መጥቶ ተራራ ወጥቷል። እኛን ያቃተን የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ዘመድ አዝማድ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ምን ትማራለህ ሲልህ «ሊንጉስቲክስ» ስትል «ስንት ቋንቋ ትችላለህ?» ይልሃል። ሁለት ካልክ ያዝንልሃል። «ታዲያ አስጎብኚ ያደርጋል?» ያሉኝ አጎት አሉኝ፤ ከልባቸው ነው፤ እንጀራ እንዲወጣልኝ ብለው ነው።

ይህ ሁሉ ታልፎ የመመረቂያ ጽሑፉ መከላከያ ቀን ይደርሳል። ፈታኙ ግማሹን ሰዓት በዋቢ ጽሑፎች ኮማ ላይ ይፈጀዋል፤ ምን አገኘህ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ጥቃቅን እርማት ይባላል፣ በጠንካራ ልባስ ይጠረዛል፣ የጥረዛው ሒሳብ ከኪስ ይወጣል። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ አቧራ መጠጣት ሳይጀምር የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ፍላሹን ይዞ ከች ይላል፤ «ወንድሜ፣ ምዕራፍ ሁለትህን በሶፍት ኮፒ አትሰጠኝም?»